አፍ ሲዘጋ፤ ስለ ትንፋሽና ስለ አፍንጫ መንገድ

በግእዝ «ነፍስ» እና «ነፋስ» የአንድ ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። «እስትንፋስ»ም ከዚያው የበቀለ ነው። አባቶቻችን ሕይወት ምን እንደ ሆነች ሲያስቡ ሩቅ አልሄዱም፤ ገብታ የምትወጣዋን ነፋስ አይተው ስሟን አወጡላት። ዛሬም ሰው በጣር ሲያዝ «ነፍስ ግቢ ነፍስ ውጪ ላይ ነው» እንላለን። መጽሐፍ ቅዱስም ቁርኣንም የመጀመሪያው ሰው ሕያው የሆነው ፈጣሪው እፍ ባለበት መንፈስ መሆኑን ይነግሩናል። ኦሪት ዘፍጥረት ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል፤ እስትንፋሱ የገባበትን በር ለይቶ አፍንጫ ነው ይላል።

ይሁንና በአነጋገራችን ክብሩ ሁሉ ለአፍ ነው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብለን እንጠነቀቅለታለን፤ ዝም ሲል እንኳ «ዝምታ ወርቅ ነው» ብለን እናሞግሰዋለን። አፍንጫ ግን የጎረቤት ያህል ነው። «አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» ስንል ሐዘኑን ለዓይን ሰጥተን ምቱን ለእርሱ እንተዋለን፤ ስንቆጣም «አፍንጫህን ላስ» ብለን እንሳደብበታለን። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስለተናቀው በር ነው። አፍ ተዘግቶ አልከፈት ሲል ሐኪሞች በአፍንጫ በኩል እስከ አየር ቧንቧ የሚደርስ የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባትን እንዴት እንደ ተማሩ፣ ይህን ጥበብ የወለደው የእነማን ፊት እንደ ነበር፣ ነገሩስ ለእኛ ሀገር ምን እንደሚላት ጥቂት ለማለት ነው።

*

ታሪኩን ከወርቅ ብንጀምረው አንሳሳትም። እ.ኤ.አ. በ1037 ያረፈው ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና «አል-ቃኑን» በተባለው የሕክምና መጽሐፉ፣ ጉሮሮው ተዘግቶ ለሚታፈን ሕሙም ከወርቅ ወይም ከብር ወይም ይህን ከመሰለ ነገር የተሠራ ቱቦ ወደ ጉሮሮው አስገብቶ ትንፋሹን መርዳት እንደሚቻል ጽፏል።

አሶሳ ለሚኖር፣ ያውም እንጀራው ከባንክ ለሆነ ሰው፣ ይህ ቃል ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነው። የቤኒሻንጉል ወርቅ ታሪክ የትንፋሽ ታሪክ አይደለምና። የግብፁ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ሠራዊቱን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ዓይኑ ካረፈባቸው ነገሮች አንዱ የፋዞግሊና የአካባቢው ወርቅ ነበር፤ ከ1838 እስከ 1839 ባለው ጊዜም በስተርጅናው ራሱ ፋዞግሊ ድረስ መጥቶ ነበር። ከወርቁ ጋር ሰውም ይጋዝ ነበር፤ ከዚህ ምድር ስንቱ በባሪያ ፈንጋይ እጅ ወድቆ ወደ ሱዳን ገበያ ተነድቷል። በ1890ዎቹ መጨረሻ የራስ መኰንን ጦር የቤኒሻንጉልን ሼኾች ለዐፄ ምኒልክ ሲያስገብርም፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር የወሰን ውል ሲፈረምም የወርቁ ዝና ከነገሩ አልተለየም። ስለ ወርቅ ስንት ትንፋሽ ተቋርጧል! ኢብን ሲና ግን ትንፋሽ የሚቀጥል ወርቅ አሰበ።

ከእርሱ በኋላ አምስት መቶ ዓመት ሲያልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1543፣ የአካል ጥናት አባት የሚባለው ቬሳሊየስ በእንስሳ የአየር ቧንቧ ውስጥ ሸምበቆ ሰክቶ እፍ ቢልበት የወደቀው ሳንባ ተነሣ፤ ሊቆም የነበረው ልብም እንደገና በረታ። ወርቅና ሸምበቆ! ሁለቱም ለቤኒሻንጉል ሰው የቤት ዕቃ ያህል የሚታወቁ ናቸው። ነገር ግን ሐሳቡ ከመጽሐፍ ወርዶ በሕሙማን አልጋ አጠገብ እስኪቆም ገና ሦስት መቶ ዓመት ቀረው።

*

ያን ጊዜ ያመጣው የሰመመን መገኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ1846 በቦስተን ከተማ በኤተር ተኝቶ የተቀደደ ሰው ሕመም ሳይሰማው ሲነቃ ዓለም ተደነቀ። ዳሩ ግን እንቅልፉ ሌላ አደጋ ይዞ መጣ። በሰመመን የተኛ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን ሊዘጋው ይችላል፤ ደምና ትውከት ወደ ሳንባው ሲወርድ ሊያስለው አይችልም። እንግዲህ ሕመሙን የወሰደለት ሰው ትንፋሹንም የመጠበቅ ዕዳ ወደቀበት።

በ1878 የግላስጎው ሐኪም ዊልያም ማክዌን በአፉ ውስጥ ዕጢ ላደገበት ሕሙም በጣቱ እየዳሰሰ በአፍ በኩል ቱቦ አስገባና ቀዶ ሕክምናውን ሠራ። በዚያው አሥርተ ዓመታት ጆሴፍ ኦድዋየር የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም ዲፍቴሪያ ጉሮሯቸውን የዘጋባቸውን ሕፃናት አንገታቸውን ሳይቀድ በቱቦ ያተርፍ ጀመር። ጀርመናዊው ፍራንዝ ኩን ደግሞ በ1902 ቱቦው በአፍንጫም ሊሄድ እንደሚችል ጻፈ። ብዙ ሰው ግን አልሰማውም፤ አፍ እስከ ተከፈተ ድረስ ማን በጠባቡ በር ይገባል?

የአፍንጫን በር ያስከበረው ጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሩ በምሽግ ውስጥ ተቀብሮ ራሱን ብቻ ብቅ ያደርግ ስለ ነበር ጥይቱና ፍንጣሪው ፊትን ለቀመ። መንጋጋቸው የተወሰደ፣ አፍንጫቸው የጠፋ ወጣቶች በሺህ ተቆጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1917 ለእነዚህ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ሲድካፕ በተባለ ስፍራ አንድ ሆስፒታል ተከፈተ። በኒውዚላንድ የተወለደው ሃሮልድ ጊሊስ ከራሳቸው ሥጋና አጥንት እየቆረጠ አዲስ ፊት ይሠራላቸው ነበር፤ በዚያ ሆስፒታል ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች ታክመዋል። መስታወት ወደ ሕሙማኑ ክፍል እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር ይባላል። በከተማይቱ መንገድ ዳር የነበሩ አንዳንድ አግዳሚ ወንበሮችም ሰማያዊ ተቀቡ፤ ቀለሙ ለመንገደኛው «እዚህ የሚቀመጠውን ሰው ስታይ እንዳትደነግጥ» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር።

አንባቢ ሆይ፣ የሰመመን ሰጪውን ችግር ገምት። በዚያ ዘመን ሰመመን የሚሰጠው በፊት ላይ በሚደፋ ጭንብል ነበር። ጊሊስ የሚሠራውም እዚያው ፊት ላይ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ይሻማሉ፤ ሕሙሙ ሲተነፍስም ኤተሩ ከደም ጋር በቀዶ ሐኪሙ ፊት ላይ ይረጫል። መፍትሔውን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ ሲድካፕ የመጡት አይቫን ማጊልና ስታንሊ ሮውቦታም ናቸው። ሁለቱም ሲመጡ የሰመመን ሊቅ አልነበሩም፤ ሥራው ራሱ አስተማራቸው። በመጀመሪያ አንዱ ለማስገቢያ ሌላው ለማስወጫ የሚሆኑ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎችን ሞከሩ። በኋላ ሁለቱን ትተው ሕሙሙ ገብቶ በሚወጣ ትንፋሹ የሚጠቀምበት አንድ ሰፊ የጎማ ቱቦ መረጡ። ማጊል ከተጠቀለለ የጎማ ቱቦ ራሱ እየቆረጠ ያዘጋጅ ነበር፤ ጎማው ተጠቅልሎ በመኖሩ የያዘው ጉብጠት ከአፍንጫ ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ ከሚታጠፈው መንገድ ጋር ገጠመ። ቱቦውን በጉሮሮ ውስጥ ይዞ ለመምራት የሠራት ጎባጣ መቆንጠጫ ዛሬም በስሙ ትጠራለች፤ በዓለም ያሉ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ሁሉ ያውቋታል።

*

ለመሆኑ ይህ መንገድ እንዴት ነው በደኅና የሚታለፈው? እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ሥርዓቱን ሳነብ ከማንኛውም ጥበብ ሥርዓት ጋር ሲመሳሰል አገኘሁትና ላካፍላችሁ ወደድሁ።

የአፍንጫ ውስጥ የደም ሥር የበዛበት ስስ ሥጋ ነው፤ ጥቂት ሲጫር ብዙ ይደማል። ስለዚህ ባለሙያው አስቀድሞ ይጠይቃል። አንዱን ቀዳዳ በጣት አስዘግቶ በሌላው ያስተነፍሳል፤ የብዙ ሰው አፍንጫ መካከለኛ ግድግዳ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ነውና ሰፊውን ይመርጣል። ደም ቶሎ የማይረጋለት ሰው መሆን አለመሆኑን ያጣራል። ከዚያ የደም ሥሮችን የሚያኮማትር ጠብታና የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያደርጋል፤ መድኃኒቱ እስኪሠራም ይታገሣል። ቱቦው በለብ ያለ ውኃ ይለሰልሳል፤ ማለስለሻ ቅባትም ይቀባል። ትልቁ ቱቦ ሳይሆን የሚበቃው ይመረጣል።

ቀጥሎ አቅጣጫው ነው። አፍንጫ በውጭ ሲያዩት ወደ ላይ የሚያመራ ይመስላል። እውነተኛው መንገድ ግን ከላንቃ በላይ ባለው ወለል ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። ወደ ላይ የገፋ ሰው የሚያገኘው ስስ አጥንት ነው፤ ከአጥንቱ ማዶ ደግሞ አንጎል አለ። የራስ ቅሉ ወለል በአደጋ ተሰብሯል ተብሎ ሲጠረጠር ባለሙያዎች ይህን መንገድ የሚሸሹት ስለዚህ ነው። ቱቦው እንቢ ካለ ትግል የለም፤ ጥቂት ይመለሳል፣ በቀስታ ይዞራል፣ ካልሆነም ሌላው ቀዳዳ ወይም ቀጭን ቱቦ ይሞከራል። ጉልበት እዚህ ቦታ የለውም።

ከጉሮሮ ሲደረስ ሁለት በሮች አሉ። ከፊት ያለው የአየር ቧንቧ ነው፤ ከኋላ ያለው የምግብ ቧንቧ ነው። አንዱ የሕይወት፣ ሌላው ለቱቦ የሞት በር ነው። በማጊል ዘመን በአፍንጫ የገባውን ቱቦ ጫፍ በዓይን ተከታትሎ ማየት ሳያስፈልግ ማድረስ ተለመደ፤ «ዕውር» ዘዴ ይሉታል። ዕውር ይባል እንጂ ደንቆሮ አይደለም። ሕሙሙ ትንፋሹ አይቋረጥም፤ ራሱ የማለዳ አየር እንደሚያሸት ሰው ቀና ይላል፤ ሰመመን ሰጪው ጆሮውን ወደ ቱቦው አፍ አቅርቦ ያዳምጣል። ድምፁ ሲጎላ ወደ በሩ ቀርቧል፤ ሲጠፋ ስቷል። የድምፅ አውታሮች ይበልጥ የሚከፈቱት አየር ሲሳብ ነውና ያችን ቅጽበት ጠብቆ ቱቦውን ወደ ፊት ያሳልፈዋል። ሕሙሙ በገዛ ትንፋሹ መንገዱን ያሳያል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 ፒተር መርፊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ለሐሞት ቧንቧ ምርመራ የተሠራውን በመስታወት ክር የሚያሳይ ተጣጣፊ መመልከቻ ወስዶ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ ውስጥ አሳለፈውና ያ የጨለማ መንገድ ታየ። ዛሬ ቱቦው የሳንባ መሆኑ የሚረጋገጠው ከሳንባ የሚወጣውን የተቃጠለ አየር በሚለካ መሣሪያ ነው፤ ከሆድ ዕቃ ያ አየር ትንፋሽን ተከትሎ አይወጣምና። ሆኖም የሥርዓቱ ሥር አልተለወጠም፤ መንገዱ የሚያስፈራ ሲሆን የሕሙሙን ትንፋሽ ሌላ ትንፋሽ ሳያዘጋጁ አይቀሙትም።

*

አሁን ከሲድካፕ ወደ አገራችን እንመለስ። የፈረሰ ፊት በጦርነት ብቻ አይመጣም፤ ረኃብም ፊት ያፈርሳል።

ኖማ የተባለ በሽታ አለ። ስሙ ከግሪክ የመጣ ነው፤ መጋጥ ማለት ነው። ከብት ሣር እንደሚግጥ በሽታው የሕፃን ፊት ይግጣል። በአብዛኛው የሚይዘው ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያሉ በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆችን ነው፤ ብዙ ጊዜም ኩፍኝን ወይም ወባን ተከትሎ ይመጣል። ከድድ ቁስል ይጀምርና በቀናት ውስጥ ጉንጭን፣ ከንፈርን፣ አንዳንዴም አፍንጫን ይወስዳል። ካልታከመ እስከ 90 በመቶ የሚደርሱትን ይገድላል። ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። የሞቃት አገር በሽታም አይደለም፤ ቀድሞ በአውሮፓ የተለመደ ነበረና ድሆቻቸው በልተው ማደር ሲጀምሩ ጠፋ፤ በናዚ የማጎሪያ ካምፖች ረኃብ ሲመለስ እርሱም ተመለሰ። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። ከተነፈጉት መካከል ለመቆጠር እንኳ ይህን ያህል ዘመን ፈጀ።

ከሞት ያመለጡት ሌላ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው መንጋጋን ከመንጋጋ ያያይዘዋል። «መንጋጋ ቆልፍ» ስንል የምናውቀው ሌላ በሽታ ነው፤ ይህኛው ግን ቀን ሳይሆን ዓመታት የሚዘልቅ ቁልፍ ነው። ጥርስ በጎደለበት ክፍተት ምግብ እያሾለኩ የሚያድጉ አሉ። ፊታቸውን በነጠላ ወይም በሻሽ ሸፍነው፣ ከሰርግና ከትምህርት ቤት ርቀው ይኖራሉ። በሲድካፕ ሰማያዊ ወንበር፣ በእኛ አገር ነጠላ፤ ሁለቱም ተመልካቹን እንጂ ባለ ፊቱን አያሳርፉም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ፊቱ እንዲጠገን መተኛት አለበት። ለመተኛት የሚጠበቅ የትንፋሽ መንገድ ያስፈልገዋል። አፉ ተቆልፏል። ጉንጩ ስለ ጎደለ ጭንብል አይገጥምለትም። ወይ አንገቱ ይቀደድ፣ ወይ አፍንጫው ይሞከር። መቀመጫውን በእንግሊዝ አድርጎ የነበረው ፌሲንግ አፍሪካ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ2000ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለኖማ ሕሙማን የቀዶ ሕክምና ቡድኖችን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ሰመመን ሰጪዎቹን የገጠማቸው ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ተሞክሯቸውን በሙያቸው መጽሔት አሳትመዋል። የኢትዮጵያ ገጠር ልጆች ትንፋሽ የዓለም ሰመመን ሰጪዎች ትምህርት ሆነ ማለት ነው። ማጊል የወታደሮችን ፊት አይቶ የከፈተው በር፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ተዋግተው ለማያውቁ ልጆች ተከፈተ።

*

ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከኩርሙክ፣ ከሸርቆሌ ወይም ከጉባ ለሚነሣ ሰው አሶሳ ራሷ ሩቅ ናት። ፊትን ለማስጠገን ቀጠሮ ይያዛል፤ ትንፋሽ ግን ቀጠሮ አያውቅም። በመኪና አደጋ መንጋጋው የተሰበረ፣ ጥርሱ በመግል አፉን የዘጋበት፣ ጉሮሮው ያበጠ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያገኘው በአቅራቢያው ያለውን ሆስፒታል ነው። በዚያም የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ያልሆነ፣ በሰመመን ሙያ የሠለጠነ አንድ ባለሙያን ነው። በኢትዮጵያ የሰመመንን ሸክም በትከሻቸው የተሸከሙት እነዚህ ናቸው። ሲሳካላቸው ሕሙሙ ተኝቶ ነበርና አያያቸውም፤ ሲነቃ የሚያመሰግነው ቀዳጁን ነው። እኛ ግጥም ጻፊዎችም ስለ እጅ ጽፈናል፣ ስለ ቢላዋ ጽፈናል፤ ራስጌ ቆሞ ስለሚያዳምጠው ሰው ግን አልጻፍንም።

ስለ ማዳመጥ ካነሣን፣ የበርታ ሕዝብ ከቅል የሚሠራው ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ አለው፤ ስሙ ዋዛ ነው። ስሙ ከአማርኛው «ዋዛ» ጋር ቢገጥምም ነገሩ ዋዛ አይደለም። እያንዳንዱ ዋዛ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። ዜማው የሚወለደው አንዱ ነፊ የሌላውን ትንፋሽ ሰምቶ ተራው ሲደርስ ብቻ ሲነፋ ነው። የቀደመም የዘገየም ዜማውን ይሰብራል። በሕሙም ራስጌ ቱቦ ይዞ ትንፋሽ የሚጠብቅ ባለሙያም እንዲሁ ነው፤ ጥበቡ ሲገፋ ሳይሆን ተራው እስኪደርስ ሲሰማ ነው።

በመስታወት ክር የሚያሳየው መሣሪያ ውድ ነው፤ ትንፋሽ የሚለካው መሣሪያም በየስፍራው አይገኝም። እነዚህ ለሕዝብ ሆስፒታል ይገቡ ዘንድ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ቱቦው በምግብ ቧንቧ መግባቱ ሳይታወቅ የሚያልፉ ጥቂት ደቂቃዎች ሰው ይገድላሉና። ወርቅ የሚታፈስበት ምድር ልጅ ለኢብን ሲና የወርቅ ቱቦ ምትክ የሚሆን መሣሪያ ቢመኝ አይበዛበትም። ለብ ያለው ውኃ፣ ጠብታው፣ ቅባቱ፣ ከሁሉም በላይ ትዕግሥቱ ግን ከሩቅ አገር አይመጡም።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ኖማ ገና በማለዳው በቀላሉ ይድናል፤ አፍን በጨው ውኃ ማጠብ፣ ከጤና ጣቢያ የሚታዘዝ መድኃኒት፣ የሚያጠግብ ምግብ ይበቁታል። የኩፍኝ ክትባትም አስቀድሞ መንገዱን ይዘጋበታል። ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶቹ አንዱ የሚደማ ድድና የልጁ የትንፋሽ ጠረን መክፋት ነው። ያን ጠረን ከማንም በፊት የምታውቀው ልጇን አቅፋ የምታስተኛ እናት ናት። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ያን ቀን ከሆነ ጉንጩ አይጎድልም፣ መንጋጋው አይቆለፍም፣ ከዓመታት በኋላም ማንም በአፍንጫው በኩል መንገድ አይፈልግለትም። የተናቀው አፍንጫ የመጀመሪያው ሐኪም የሚሆነው በእናት ፊት ላይ ነው።